ከሽቦው ወዲያ ያለው ማሽን

ኖርስቦሪ፣ ስቶክሆልም
እሑድ፣ ኅዳር 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ከጠዋት ጀምሮ በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ይጥላል፤ ሰማዩ ገና በዘጠኝ ሰዓት ጨልሟል። ቤት ያለነው እኔና ልጄ ሳሌም ነን። እሷ ከምትማርበት ከኡሜኦ ለሁለት ቀን መጥታ ሶፋው ላይ ተጋድማለች።

ለውድ እትዬ አስካለ፣

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ እርስዎን በጤና፣ ወንድም ጋሼን ደግሞ ሱቁ ደጃፍ በወንበሩ ላይ ያግኝልኝ። የደሴ ብርድ ይራራላችሁ። ሳሉ ተሻለው ወይ? ባለፈው ደብዳቤዎ ላይ አንድ መስመር ብቻ ስለጻፉበት ልቤ እዚያው ቀርቷል። በስልክ እንዳልጠይቅ የእርስዎ ጆሮ አይሰማልኝ፣ የሱ ትንፋሽ አይበቃለት። ወረቀት ይሻለናል።

ወንድም ጋሼ «እዚያ አገር ሰው ሬዲዮ ይጥላል አሉ፤ ለቅማ ትላክልኝ» ብሏል። ለሳሌም ባነብላት ሳቀች። እውነቱን ነው፤ ይጥላሉ። ከሕንፃችን ሥር አንድ ትልቅ ክፍል አለ። ካርቶን ለብቻ፣ ጠርሙስ ለብቻ፣ ባትሪ በቀይ ሣጥን ለብቻ ይጣላል። ከክፍሉ ጥግ አንድ የሽቦ ጎጆ አለ፤ ኤልአቭፋል ይሉታል። መሰኪያ ያለው ወይም ባትሪ የሚበላ ነገር ሲያረጅ እዚያ ይገባል። ቴሌቪዥን፣ ካውያ፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ የልጅ አሻንጉሊት ሳይቀር። ሳሌም በስዊድንኛ «ሞርብሮር ብርሃነ እዚያ ክፍል አልጋ ይነጠፍለት» አለች። ሞርብሮር የእናት ወንድም ማለት ነው።

ግን ማንሣት አይፈቀድም። በሩ ላይ ተጽፏል፤ የገባ ዕቃ አይወጣም። ያንን ማስታወቂያ ብቻዬን አንብቤ የጨረስኩ ቀን ትዝ ያለኝ የሱ ሱቅ ነው። የሬዲዮ ዕቃ ተጠቅልሎ የሚመጣበትን ቁራጭ ጋዜጣ እየዘረጋሁ ፊደል የለየሁት እዚያ አይደል? ግማሽ ዜና አንብቤ ግማሹ ተቀድዶ ሲቀር «መጨረሻውን አንቺ ሙዪው» ይለኝ ነበር። ስዊድንኛንም እንደዚያው ነው የተማርኩት፤ ከወተት ካርቶንና ከበር ላይ ወረቀት።

አንዱን ትንሽ ሬዲዮ ባነሣው ብዬ ሳሌምን ጠየቅኋት። «ዴ ፎር ማን ኢንተ፣ ማማ» አለችኝ። አይፈቀድም ማለቷ ነው። ይህችን ቃል ከአፏ የማልሰማበት ቀን የለም።

ስለ ሳሉ እውነቱን ይጻፉልኝ።

እህትዎ አበባየሁ


ደሴ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2018

ለምወድሽ ለአበባዬ፣

ሰላምሽ ይብዛ፤ ያለሽበትን ቤት መላእክት ይጠብቁት። ሳሌምን ሳሚልኝ። ደብዳቤሽን ጎረቤታችን ብርቅአየሁ አምጥታልኝ ለሱ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የሽቦ ጎጆው ጋ ስደርስ «ድገሚው» አለኝ። ካውያውንም ቴሌቪዥኑንም ደገምኩለት። እንደ ተረት ነው የሰማው።

እውነቱን ጻፊ ብለሻልና ልጻፍ። ሱቁን ዘግተናል። ሐኪም ቤት አሥር ቀን አስተኝተውት ነበር። ሳንባው ጠቁሯል አሉ። ሐኪሟ ሲጋራ ያጨሳል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሲጋራ አያውቅም አልኳት። ታዲያ ጭስ የት አገኘው አለች። ከሱቁ ጀርባ ነው አልኳት። መዳቡን ለማውጣት ስንት ዓመት ያንን የሽቦ ልባስ አቃጠለ? ጥቁሩ ጭስ ልብሴ ላይ ሲገባ ስጨቃጨቀው ታስታውሺያለሽ። እኔ ለልብሴ ነበር የምጮኸው።

አሁን ኦክስጅን ካልሳበ አይተኛም። ሲሊንደሩን ከኮምቦልቻ እናስሞላለን፤ መኪና የጠፋ ቀን እንዴት እንደምንውል እኔና እመቤታችን እናውቃለን። ሐኪሟ ማሽን አለ ትላለች። ሶኬት ላይ ተሰክቶ ከአየሩ ላይ ኦክስጅኑን ለይቶ የሚሰጥ። እዚህ አዲሱን የሚገዛ እኛን የመሰለ ሰው አይደለም። ሬዲዮውን ተይው አበባዬ። ማሽኑን ፈልጊልን። እንዲህ ብዬ ለምኜሽ አላውቅም።

ከታች እሱ ይጽፍልሻል፤ እስክሪብቶውን ቀምቶኛል።

አስካለ ማርያም

አቤ። ቢበላሽም ግድ የለም ላኪው። እሠራዋለሁ። ገመዱን እንዳስተማርኩሽ ጠቅልዪው እንዳይሰበር። ብርሃነ ሥላሴ።


ኖርስቦሪ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2018

ለውድ እትዬ አስካለ፣

የልደቱ ጌታ ከደጃችሁ አይራቅ። እጁን አየሁት። «እሠራዋለሁ» የምትለዋ ላይ ወረቀቱ ተበስቷል፤ ያን ያህል ተጭኖ ነው የጻፋት።

ሁሉንም ሞከርኩ። ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ ማሽኑ በሐኪም ትእዛዝ እዚህ ላለ በሽተኛ በውሰት እንጂ አይሸጥም አሉኝ። የሚሸጥበትን አገኘሁ፤ ዋጋውን ሰምቼ ከሱቁ ወጣሁ። ቤተ ክርስቲያን ለማኅበራችን ተናገርኩ፤ እናዋጣለን ብለዋል፤ እስኪዋጣ ግን ትንፋሽ ይጠብቃል ወይ?

አሁን የምነግርዎን ለሳሌምም አልነገርኩ። ከኔ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ሞቱ። ልጆቻቸው ቤቱን ሲያጸዱ ሰነበቱ። ትናንት ቆሻሻ ልጥል ወርጄ ወደ ሽቦው ጎጆ ዞር ስል ማሽኑ እዚያ ቆሟል። ነጭ ነው፤ የጉልበቴን ቁመት ያህላል፤ ከሥሩ ጎማ አለው። ቱቦው በላዩ ተጠቅልሏል። ቆሻሻዬን በእጄ እንደያዝኩ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም።

የሕንፃውን ቫክትሜስታሬ፣ ጥበቃውንም ጥገናውንም የሚሠራውን ሰውዬ፣ ሄጄ ለመንኩት።

«ወንድሜ መተንፈስ አቅቶታል» አልኩት።

«አዝናለሁ። ግን ከሽቦው ካለፈ በኋላ ያንቺ አይደለም።»

«ያንተ ነው እንዴ?»

«የኔም አይደለም።»

«ታዲያ የማን ነው?»

ወደ ግድግዳው ወሰደኝ። ፎቶ ተለጥፏል፤ ስንት ጊዜ አልፌው ሄጃለሁ። በአንድ ሞቃት አገር ሰዎች ጥቁር ጭስ ውስጥ ጎንበስ ብለው ሽቦ ያቃጥላሉ። «እየለቀሙ የተበላሸውን ወደ ድሃ አገር ይልኩ ነበር። እዚያ ይቃጠላል፤ ሰው ይታመማል። ለዚህ ነው የተከለከለው» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ሄደ።

እትዬ አስካለ፣ ፎቶው ላይ ጀርባውን የሰጠው ሰው ወንድም ጋሼን ይመስላል። በሱ ሳንባ ምክንያት የወጣውን ሕግ ለሱ ሳንባ ብዬ ልጥስ ነው እንዴ? እሱን ሳስብ ቆየሁ። ከዚያ ማሰቡን ተውኩት።

የቆሻሻ መኪናው ሐሙስ መጥቶ ይጭነዋል። ይጸልዩልኝ።

አበባየሁ


ደሴ፣ ጥር 26 ቀን 2018

ለአበባዬ፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ ብርታቱን ይስጥሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስላዘገየሁት ይቅርታሽን እለምናለሁ፤ ቤቱ ሰው በዝቶበት ነበር።

ስለ ማሽኑ አትጨነቂ። አትሩጪ። አሁን ትንፋሹ አያስቸግረውም። ስልክ ደውለሽ ነበር አሉ፤ ብርቅአየሁ ተኝቷል ያለችሽ ልክ ነው። አታስቸግሪው።

አንድ ነገር ግን ብትልኪልኝ። በወጣትነቱ ትልቁን ሬዲዮ አቅፎ የተነሣው ፎቶ ካንቺ ጋር ነው። አስፍተሽ በሰው እጅ ላኪልን። ፊቱ በደንብ የሚታይ ይሁን።

ሳሌም መቼ ነው የምትመጣው? ብቻሽን አትቀመጪ። ጋሽ ሣህሉን እያገኘሻቸው ነው ወይ? ትልቅ ሰው ናቸው፤ አትራቂያቸው። ምግብ ብዪ።

አስካለ ማርያም


ኖርስቦሪ፣ የካቲት 12 ቀን 2018

ለውድ እትዬ አስካለ፣

ጾሙን የበረከት ያድርግልን። ደብዳቤዎን እያገላበጥኩ አነበብኩት። ወንድም ጋሼ አልጻፈበትም። ጀርባውንም አየሁ። ገባኝ፤ ተስፋ ቆርጣችሁ እኔን ማስቸገር አፍራችኋል። «አትሩጪ» የሚባለው ለኔ ነው? የሱን ጫማ ተጫምቼ ትምህርት ቤት የሄድኩት እኔ አይደለሁም?

ማሽኑ እዚህ ነው። አልጋዬ ሥር፣ ጋቢ ለብሷል።

መኪናው ከመምጣቱ በፊት ረቡዕ ዕለት ወረድኩ። በዕድሜዬ የሰው መርፌ አላነሣሁም፤ የማጸዳበት ትምህርት ቤት ሳንቲም ወድቆ ሳገኝ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ። ያን ቀን ግን የሽቦውን በር ከፍቼ ገባሁና በጎማው እየገፋሁ ወጣሁ። አሳንሰር ውስጥ አንዲት ሴትዮ ሰላም አለችኝ። እኔም ሰላም አልኳት። ቤቴ ገብቼ በሩን ቆለፍኩት።

ስሰካው አጓራ እንጂ አየር አልሰጠም። ጋሽ ሣህሉን ጠራኋቸው። እንደሚያውቁት እዚህ በተማሪነት መጥተው ስንት ዓመት በመሐንዲስነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። መጀመሪያ ተቆጡኝ። «አበባየሁ፣ አንቺ? ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር!» አሉ። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። «በሕጉ የማይሠራ ከሆነ ቆሻሻ ነው፤ ቆሻሻ ደግሞ ድንበር አያልፍም። ከተጠገነና ተፈትኖ ወረቀት ከተሰጠው ግን ዕቃ ነው። የወሰድሽበትን መንገድ አያነጻውም፤ አውሮፕላን ማረፊያ ግን አይወስዱብሽም» አሉኝ። የተደፈነ ማጣሪያ ነበረው፤ አዲስ አዘዙለት። ጥር ሲገባ እንደ ወጣት ነበር የሚሮጡት።

ከዚያ በጥር አጋማሽ ምን እንደነካቸው አላውቅም። ስልክ አያነሡም። ማጣሪያው መጣ፤ እሳቸው አልመጡም። ቤታቸው ሃሉንዳ ድረስ ሄጄ ይዣቸው መጣሁ። ማጣሪያውን ሲገጥሙ ቀና ብለው አያዩኝም። ማሽኑ ሲተነፍስ እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝ፤ እሳቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ተይው አቤ» አሉኝ። «ምን ያደርግልሻል?»

«አሁን ሕጉ ትዝ አለዎት?»

«ሕጉን አይደለም...»

«ታዲያ ምኑን ነው? እናንተ የተማራችሁ ሰዎች ወረቀት እስኪመጣ፣ ማኅተም እስኪመታ እያላችሁ ሰው ታንቆ ይሞታል!»

እንዲህ ብዬ ለሽማግሌ ተናግሬ አላውቅም። ኮታቸውን ለብሰው ወጡ።

ወረቀቱን ራሴ አስጻፍኩ። የሚፈትን ሱቅ አለ፤ ይሠራል ብለው ፈረሙልኝ። ማጣሪያውንም ወረቀቱንም ስጠብቅ ሳምንታት ሄዱ እንጂ በጥምቀት ሰሞን በደረሰላችሁ ነበር። ሲነቀል እንደ ሕፃን ይጮኻል፤ አይደንግጡ። መብራት ጠፋ ብሎ ለማስጠንቀቅ ነው፤ ከጀርባው ትንሽ ባትሪ አለችው። ቱቦውን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ሞከርኩት። ቀዝቃዛ ነው፤ ደስ ይላል።

ከሕንፃው ባለቤቶች ደብዳቤ መጥቷል። ካሜራው አይቶኛል። ዕቃውን ካልመለስኩ የቤት ኪራይ ውሌን ሊያቋርጡ ይችላሉ። ሳሌም በስልክ አለቀሰች፤ «ማማ፣ ቤት አልባ ልትሆኚ ነው» አለች፤ ያውም ባማርኛ። ይሁን። ከማኅበራችን አዜብ የካቲት 25 ወደ አገር ቤት ትበራለች፤ ሻንጣዋን ሰጥታኛለች። መጀመሪያ ስጠይቃት ፊቷ ተለዋወጠ፤ ከዚያ እሺ አለች። ፎቶውንም አሰፍቼ ከዚሁ ደብዳቤ ጋር ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው ልኬዋለሁ።

ለወንድም ጋሼ እንዲህ ይበሉልኝ፤ መጠገን አያስፈልገውም፣ መሰካት ብቻ ነው።

አበባየሁ


ደሴ፣ የካቲት 17 ቀን 2018

አበባዬ፣

ደብዳቤሽና ፎቶው ትናንት ደረሱኝ። ይህቺን ብርቅአየሁ በስልኳ አንሥታ ትላክልሽ፤ ፖስታ አይደርስም።

ማሽኑን ለአዜብ አትስጪ። ለማንም አትስጪ። ቤትሽን እንዳታጪ። ቅዳሜ ጠዋት ከቤት አትውጪ፤ ሥራም ካለሽ አስፈቅጂ። ሳሌም ዓርብ ትመጣለች፤ ጋሽ ሣህሉ ተናግረዋታል። እሳቸው ቅዳሜ በጠዋት ይመጡብሻል።

እኔን ይቅር በይኝ።

አስካለ ማርያም


ኖርስቦሪ፣ ስቶክሆልም
ሰኞ፣ የካቲት 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

በረዶው እየቀለጠ ከጣራው ይንጠባጠባል። ቤት ያለነው እኔ፣ ሳሌም፣ አዜብና ሦስት የማኅበሩ ሴቶች ነን። ሴቶቹ ወጥ ቤት ናቸው፤ እንዳልሰማቸው በሹክሹክታ ያወራሉ።

ለእትዬ አስካለ፣

እግዚአብሔር ያጽናዎት። ከቀበሩት አርባ ቀን ሊሞላው ሲቃረብ ይህንን መጻፌ ያሳፍራል፤ ግን እኔ ገና ሁለት ቀኔ ነው።

መልእክትዎን ሳነብ ነው ያወቅሁት። ማለዳ ሽማግሌ ይመጣል፣ ከቤት አትውጪ፣ ልጅሽ ትኑር። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አማራ አለ ወይ? ቢሆንም እስከ ቅዳሜ ድረስ አላወቅሁም ብዬ ኖርኩ። ሥራ ሄድኩ። ወለል አጠብኩ። ዓርብ ሳሌም መጥታ አቅፋኝ አልለቅ ስትል «ራበሽ እንዴ?» አልኳት።

ቅዳሜ ገና ሲነጋ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ሣህሉ፣ ቄሱ፣ አዜብና ሴቶቹ፤ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ጋሽ ሣህሉ አፋቸውን ሲከፍቱ እኔ ቀደምኩ። «መቼ?» አልኳቸው። «ጥር አሥራ አራት» አሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሳሌም ትንገርዎ፤ እኔ አላስታውሰውም። ጎረቤት ፖሊስ ሊጠራ ነበር አሉ። ሳሌም ደረጃው ላይ ወጥታ በስዊድንኛ «አጎቴ ሞቶ ነው፤ እኛ እንዲህ ነው የምናለቅሰው» አለቻቸው።

በኋላ ጋሽ ሣህሉ አጠገቤ ተቀመጡ። «ማጣሪያውን ስገጥም ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ልጅሽ ሳትኖር ብቻሽን ልነግርሽ አልቻልኩም። ሳልነግርሽ ደግሞ ማሽኑን ልከለክልሽ አልቻልኩም» አሉኝ። የተናገርኳቸውን አንሥቼ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ። አዜብም ሻንጣዋን የሰጠችኝ እምቢ ለማለት ምክንያቱን መናገር ስላለባት ነው። ሁላችሁም ታውቁ ነበር። እኔ ብቻ ለሞተ ሰው አየር ስሰርቅ ከረምኩ።

አልፈርድብዎትም። እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን በወረቀት አልነግርዎትም ነበር። ግን አንድ ነገር አላስተኛ ብሎኛል። ጥር አሥራ አራት ማሽኑ አልጋዬ ሥር ነበር። ማጣሪያ፣ ወረቀት ብዬ ባልጠብቅ፣ እሱ እንዳለው እንደተበላሸ ብልከው፣ «እሠራዋለሁ» አላለም? ይሠራው አልነበር? እርስዎ እጁን ያውቁታል፤ እውነቱን ይንገሩኝ። አይደርስም ነበር ካሉኝ አምንዎታለሁ። ይደርስ ነበር ካሉኝም ይጻፉልኝ። ያለመልስ ግን አይተዉኝ።

ትናንት ያደረግሁትን ልንገርዎና ላብቃ።

እሑድ ጠዋት ሰዉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ፣ ሳሌምም ተኝታ ሳለች ተነሣሁ። ጥቁሬን ለበስኩ። ማሽኑን ከአልጋው ሥር ጎትቼ ጋቢውን አነሣሁለት። ሶኬት ላይ ሰካሁት፤ መተንፈስ ጀመረ። አጠገቡ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ጥቂት ሰማሁት። ከዚያ ነቀልኩት፤ ጮኸ። ከጀርባው ያለችውን ክዳን በሳንቲም ከፍቼ ባትሪዋን አወጣሁ፤ ዝም አለ። ገመዱን እሱ እንዳስተማረኝ ጠቀለልኩት፤ ሳይወጠር፣ ራሱ ወደለመደበት፣ ጫፉን በመሐል አሾልኬ። በአሳንሰር ይዤው ወረድኩ። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም። ባትሪዋን ቀዩ ሣጥን ውስጥ ከተትኩ። የሽቦውን በር ከፍቼ ማሽኑን ከአንድ ካውያና ከአንድ አሮጌ ቴሌቪዥን መሐል አቆምኩት፤ እንዳይወድቅ ወደ ግድግዳው ገፋሁት። ወጣሁና በሩን ሳብኩት። እጄን ሽቦው ላይ እንዳደረግሁ ቆየሁ። ከዚያ እጄን አነሣሁ።